ያረጀች ዴል ዴስክቶፕ፦ ቅድሚያ ለኤስኤስዲ ወይስ ለራም?

ይህን የኢንተርኔት መድረክ ክር (የውይይት ገጽ) የከፈተው ደሴ ላይ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ያለው ሰው ነው። የሚሠራባት ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ናት፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣች፣ ኮር አይ5-3470 ፕሮሰሰር፣ 4 ጂቢ ራም፣ 500 ጂቢ ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 10። ጠዋት አብርቷት ሥራ እስክትጀምር ደንበኛው ተስፋ ቆርጦ ወደ ጎረቤት ኮፒ ቤት ይሻገራል። በፓወር ግዕዝ ሲጽፍ ፊደሉ ከጣቱ ወደኋላ ይቀራል፤ ጉርድ ፎቶ ሊያስተካክል ፎቶሾፕ ከከፈተማ ጨርሶ ስታክ ታደርጋለች። ኪሱ ለጊዜው የሚችለው አንዱን ብቻ ስለሆነ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) ይግዛ ወይስ ራም (ማሽኗ የከፈተችውን ሥራ ለጊዜው የምትይዝበት ማኅደር) ይጨምር፣ የምታውቁ ንገሩኝ አለ። ከጽሑፉ ሥር የዊንዶውሱን የሲስተም ገጽ በስልኩ አንስቶ ለጥፏል። ፎቶው ዘመም ያለና ደብዛዛ ስለሆነ ሳያየው ያለፈው ሰው ብዙ ነው። እናንተ ግን ልብ በሉልኝ፣ እንመለስበታለን።

መልሱ 43 ደረሰ፤ መላሾቹን በየመልሳቸው ቁጥር እጠራቸዋለሁ። ሁሉን ማንበብ ለሚሰለቸው ሰው ፍሬውን ላውጋ፤ የዘለልኩት ቢኖር ስድብ ወይም ድግግሞሽ ስለሆነ ነው።

ቁጥር 1 ሰላምታውን አስቀድሞ፣ ያለ ጥርጥር ኤስኤስዲ አለ። ምክንያቱንም በትዕግሥት አስረዳ። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አንድ ትልቅ ፊልም በተከታታይ ሲያነብ በሰከንድ 100 ሜጋባይትና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ዊንዶውስ ሲነሣ የሚጠራው ግን እዚህም እዚያም የተበተነ የትንንሽ ፋይል መዓት ነው፤ የዲስኩ መርፌ ከቦታ ቦታ ሲዘል ፍጥነቱ ከ1 ሜጋባይት በታች ይወርዳል። ኤስኤስዲ ውስጥ የሚዘል መርፌ የለም። ሳታ በሚባለው የተለመደ የዲስክ ገመድ ሆኖ እንኳ በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ገደማ ያነባል፣ በትንንሾቹ ፋይሎች ላይ ደግሞ ልዩነቱ ከዚህም የሰፋ ነው። ቁጥር 2 እስማማለሁ ብሎ ሄደ።

ለቁጥር 3 አልተዋጠለትም። 4 ጂቢ ራም ዛሬ ለዊንዶውስ ለራሱም አይበቃም፣ ግማሹን ገና ሲነሣ ይበላዋል፣ ክሮምና ቴሌግራም ሲከፈቱ ሌላው ያልቃል፤ ስለዚህ ኤስኤስዲ የሚሉት ያነበቡትን ነው የሚደግሙት ብሎ ጎሸም አደረጋቸው። ቁጥር 4 ኮሌጅ ውስጥ የኮምፒውተር ላብራቶሪ የምትጠብቅ እህት ናት። እነሱ ዘንድ ይኸው ሞዴል በርከት ብሎ አለ። በጀት ሲጠብባቸው ለግማሾቹ ራም ጨመሩ፣ ለግማሾቹ ኤስኤስዲ አስገቡ። ከዚያ በኋላ መምህራኑ ማልደው እየገቡ የሚሻሙት ኤስኤስዲ ያላቸውን ነበር። የፈተና ማዕከሉን ፕሮግራም ከአሳሹ ጋር አብሮ መክፈት ሲመጣ ግን ራም የተጨመረላቸው ይሻሉ እንደነበር አልደበቀችም።

ቁጥር 5 ሁለቱን ወገን ሊያስታርቅ ገባ። ይህን ትንሽ ልዘርዝረው። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ ሥራውን አያቆምም። ለጊዜው የማይፈልገውን ከራሙ ላይ አንስቶ ዲስኩ ላይ ፔጅ ፋይል የሚባል ቦታ ያኖረዋል፣ ሲጠየቅ መልሶ ያመጣዋል። ስለዚህ 4 ጂቢ ያላት ማሽን በተጨናነቀች ቁጥር ዲስኩን እንደ ራም እየተጠቀመችበት ነው። ዲስኩ ሃርድ ዲስክ ከሆነ ያ ምልልስ በዚያው በሚዘለው መርፌ ስለሚያልፍ ሁሉ ነገር ይቆማል፤ ኤስኤስዲ ከሆነ ምልልሱ አይቀርም፣ ግን ሰው አይሰማውም። ቁጥር 1ም ቁጥር 3ም የአንድ በሽታ ሁለት ምልክት ነው የሚያወሩት ማለቱ ነው። በሐሳብ ደረጃ ከዚህ የተሻለ መልስ ክሩ ውስጥ አላገኘሁም። የጎደለው ነገር ቢኖር የሚያወራው ስለ ኮምፒውተር በጠቅላላው መሆኑ ነው፤ ደሴ ስላለችው ስለዚያች ማሽን ገና ማንም የጠየቀ የለም።

ቁጥር 6 ይህን ቆሻሻ ጥለህ አዲስ ግዛ፣ ወንድሜ፣ በ13 ዓመት ማሽን ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ሞኝነት ነው አለ። እሳቱን የለኮሰው እሱ ነው። ቁጥር 7 ገንዘቡን አንተ ትከፍልለታለህ ወይ ብሎ ጀመረና፣ ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አዲስ ዴስክቶፕ ለአንድ ኮፒ ቤት ምን ማለት እንደሆነ አስታወሰው። ፕሮሰሰሩ አራት ኮር ነው፣ ለወርድና ለጉርድ ፎቶ ዛሬም አያንስም አለ። አነጋገሩ ሻካራ ቢሆንም ልክ ነው።

በዚህ ጫጫታ መሀል ቁጥር 8 አንዲት አጭር መልስ ጽፎ ነበር፦ ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ ኤስኬፕ አንድ ላይ ተጭነህ ታስክ ማናጀሩን ክፈት፣ ስታክ ስታደርግ ዲስኩና ሜሞሪው ስንት ፐርሰንት እንደሆኑ አንስተህ ላክልን። በዚያው ገጽ ላይ ሜሞሪ የሚለውን ስትነካ ከአራቱ የራም ስሎቶች (መሰኪያዎች) ስንቱ እንደተያዘ፣ ኬዙን ሳትከፍት ያሳይሃል አለው። ማንም አልመለሰለትም። ሁሉም ስለ ራሱ ኮምፒውተር እየተከራከረ ነበር።

ቁጥር 9 ወሬውን ኤንቪኤምኢ ወደሚባለው የኤስኤስዲ ዓይነት ወሰደው፤ ከሳታ ብዙ እጥፍ ይፈጥናልና እሱን ግዛ አለ። ቁጥር 10 በጨዋ ደንብ አረመው። 7010 ማዘርቦርዷ ላይ ኤንቪኤምኢ የሚሰካበት ኤም ዶት ቱ ስሎት የላትም። በፒሲአይ ኤክስፕረስ ስሎት ላይ በአዳፕተር ቢሰካ ተጨማሪ ዲስክ ሆኖ ይሠራል፣ ባዮሷ (ማሽኗን መጀመሪያ የሚያስነሣው ፕሮግራም) ግን ከሱ ላይ ዊንዶውስ አያስነሣም። የሚበጃት ባለ 2.5 ኢንች የሳታ ኤስኤስዲ ነው። እሱም ቢሆን ዜሮና አንድ ተብለው ከተጻፈባቸው ሶኬቶች በአንዱ ይሰካ፤ በማዘርቦርዷ ኪው77 ቺፕሴት በሰከንድ 6 ጊጋቢት የሚሄዱት ሁለት ብቻ ናቸው፣ የቀሩት 3 ጊጋቢት ስለሆኑ ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል። ቁጥር 9 እኔ አስነሥቻለሁ ብሎ ሙጭጭ አለ። ቁጥር 11 ላይ ሲጠየቅ ባዮሱን ራሱ ቀይሮ እንደጫነው ታወቀ፤ ኮፒ ቤት ላለው ሰው ይህን መምከር ምን የሚሉት ነው!

ከ12 እስከ 19 ያለው አንድ ጦርነት ነው፦ አሮጌው ዲስክ እንዳለ ወደ አዲሱ ክሎን ይደረግ ወይስ ዊንዶውስ ከዜሮ ይጫን? ክሎንዚላ የሚባል ፕሮግራም በነፃ ይሠራዋል ያለ አለ። ማክሪየም ሪፍሌክትን የጠቆመም ነበር፤ ነፃው ስሪት ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ እንደቆመ ተነገረው። ከሁሉ የረባው ቁጥር 16 ነው። እነዚህ ዴሎች ባዮሳቸው ውስጥ የሳታው አሠራር ሬይድ በሚባለው ምርጫ ላይ ተደርጎ ነው የሚመጡት። ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ ኤኤችሲአይ ወደሚባለው ምርጫ የቀየረውን ሰው ሰማያዊ ስክሪን ይቀበለዋል፤ መጀመሪያ በሴፍ ሞድ እንዲነሣ አዝዞ ከዚያ መቀየር ነው መላው። ቁጥር 17 ይህን ሁሉ ከማድረግ ፎርማት ማድረግ አይቀልም ወይ ሲል፣ ቁጥር 18 ፎርማት ከማድረግ ሌላ የማያውቅ ጠጋኝ ነው ሀገሩን ያጠፋው አለ። አወያዩ በቁጥር 19 ሁለቱንም ገሠጸ።

ባለጉዳዩ የተመለሰው ቁጥር 20 ላይ ነው። ሱቅ ዘግቶ ማታ ነው የገባው። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ ካለ በኋላ ቁጥር 8 የጠየቀውን ሁለት ፎቶ አስቀመጠ። ሜሞሪው 85 ፐርሰንት፣ ዲስኩ 100። ስሎቶቹ ከአራት ሁለቱ ተይዘዋል፤ ሁለት ባለ 2 ጂቢ ናቸው ማለት ነው። ቁጥር 21 ያው የቁጥር 8 ሰው ነው። እሱን ያሳሰበው 100 የሚለው ቁጥር አልነበረም። ከሥሩ ያለው የንባብ ፍጥነት ግማሽ ሜጋባይት እንኳ የማይሞላ ሆኖ ሳለ የምላሽ ጊዜው ወደ ሺህ ሚሊሰከንድ መጠጋቱን አየ። አሮጌ ዲስክ ቢዘገይም እንዲህ አይዘገይም። የዲስክ ጤና የሚያሳየውን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን አውርደህ አሳየን አለው።

ቁጥር 22 ፎቶ ብቻ ነው። ዲስኩ ቢጫ፣ ጥንቃቄ የሚለው ምልክት በርቷል፣ ከሥር ካረንት ፔንዲንግ ሴክተር (ለመነበብ ያስቸገሩ ቦታዎች) በሚለው መስመር ዜሮዎች ተደርድረው መጨረሻቸው ላይ 18 ይነበባል። አንድ ሰው በቁጥር 23 አሥራ ስምንት ብቻ ነው፣ አይክፋህ ሲለው፣ ቁጥር 24 ያ ፕሮግራም ካልቀየሩት በቀር ቁጥሩን በሄክሳዴሲማል (በ16 ቤት አቆጣጠር) እንደሚያሳይ፣ ስለዚህ 24 መሆኑን፣ 1 ብቻ ቢሆንም እንኳ መልሱ ያው እንደሆነ ነገረው። ዲስኩ ማንበብ ያቃተው ቦታ አለው። እዚያ ላይ ያለው የሰው የመመረቂያ ጽሑፍ ይሁን የፍርድ ቤት አቤቱታ አይታወቅም። ከዚህ በኋላ ክሎን፣ ፎርማት፣ ፍጥነት የሚባል ወሬ አቁመህ፣ ዛሬ ማታ ሰነዶቹን ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጥ፤ አንዱ ፋይል እንቢ ካለ እሱን ዝለልና ቀጥል፣ ደጋግመህ አታስጨንቀው አለ።

ክሩ ውስጥ ትልቁ መልስ ይኼ ነው ብዬ አምናለሁ። የተሰጠው አድናቆት ግን የኤንቪኤምኢውን ክርክር ያህል እንኳ አልሆነም።

ቁጥር 25 ሌላ ጉድ አወጣ። ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጋር የተለጠፈችውን ደብዛዛ ፎቶ አጉልቶ አንብቧት ኖሯል። ራም በሚለው ጎን 4 ጂቢ ተብሎ በቅንፍ 3.47 ብቻ እንደሚሠራበት ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ ስርዓተ ክወናው 32 ቢት፣ ፕሮሰሰሩ 64 ቢት። እንግዲህ ይህ ሰው የቁጥር 3ን ምክር ሰምቶ ራም ገዝቶ ቢሆን ኖሮ ሳንቲም አትጠቅመውም ነበር፤ 32 ቢት ዊንዶውስ 10፣ 32 ጂቢ ቢሰካለትም ከ4 አያልፍም። ከ32 ወደ 64 ደግሞ ከዜሮ መጫን እንጂ በማሻሻያ መሻገር የለም። የ12 እስከ 19 ጦርነት በአንድ መስመር ተፈታ።

ባለጉዳዩ በቁጥር 26 ፎርማት ያደረገለት ልጅ ለአሮጌ ኮምፒውተር 32 ይቀላታል እንዳለው አስረዳ። ስጋቱ ፕሪንተሩና የድሮ ፕሮግራሞቹ እንዳይቀሩ ነበር። ቁጥር 27 አረጋጋው፦ 32 ቢት ፕሮግራሞች በአብዛኛው 64 ላይ ይሠራሉ፣ የማይሻገሩት የ32 ቢት ድራይቨሮች (ዕቃን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባቡ ፕሮግራሞች) ናቸው፤ የሱ ፕሪንተር ሌዘርጄት 1020 የ64 ቢት ድራይቨር ስላለው አስቀድሞ ፍላሽ ላይ አውርዶ ያስቀምጥ።

ከዚያ የግዢ ምክር ሆነ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ወንድም በቁጥር 28 ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ስላለ ራሙን ልላክልህ አለና፣ ሲገዛም ሲያስገዛም ምን ማየት እንዳለበት ጻፈ። 7010 የምትቀበለው ዲዲአር3 የሚባለውን የራም ትውልድ ነው፣ ባለ 240 እግሩ፤ ዲዲአር4 288 እግር ስላለውና ቁርጡም ሌላ ቦታ ላይ ስለሆነ አይገባም፣ በግድ የሚጫን ሰው ማዘርቦርድ ይሰብራል። ፒሲ3-12800 የሚል ጽሑፍ ያለው ይሁን። ኤል የተጨመረበት 1.35 ቮልቱም ይሠራል። ኢንተርኔት ላይ በርካሽ ከሚገኙት ሁለት ዓይነት ይጠንቀቅ፦ ሬጅስተርድ ኢሲሲ የሚባለው የሰርቨር ራም ሲሰካ ይገባል እንጂ ኮምፒውተሩ አይነሣም፣ ለኤኤምዲ ብቻ ተብሎ የሚሸጠው ባለ 8 ጂቢም ኢንተል ላይ አይሆንም። ቁጥር 29 ከዱባይ ሁለተኛውን ገዝቶ እንዴት እንደተቃጠለ በምሬት ጻፈ፤ ሻጩ ጽፌልሃለሁ አለው፣ እውነትም በትንሹ ተጽፎ ነበር። ቁጥር 30 ደግሞ ሁለቱን ባለ 2 ጂቢ እንዳይጥላቸው፣ ሁለት ባለ 4 በቀሩት ስሎቶች ጨምሮ 12 እንዲያደርጋት መከረ። ሁለት ሁለት ሆነው አንድ ዓይነት ሲሆኑ በጥንድ መስመር ይሠራሉ፤ ነጮቹ ስሎቶች ላይ አንዱ ጥንድ፣ ጥቁሮቹ ላይ ሌላው።

ዋጋ ላይ የተባለውን አልጽፍም፤ በየሳምንቱ ይለወጣል። የዋጋው ወሬ ግን ክሩን ከመንገዱ አወጣው። ቁጥር 31 የራም አምራቹ ማይክሮን በ2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ክሩሻል የሚለውን የተጠቃሚ ምርቱን እንደሚያቆም ማስታወቁን አነሣ፤ ፋብሪካዎቹ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ስለዞሩ አዲስ ራም ተወደደ፣ ያገለገለውም ይከተላል አለ። ቁጥር 32 ፒያሳ የነበረ አንድ ጠጋኝ አሮጌ ራም በርካሽ ይሰጥ እንደነበር፣ ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ግን ወዴት እንደገባ የሚያውቅ ካለ ጠየቀ። አንዱ መገናኛ አይቼዋለሁ አለ፣ ሌላው አይደለም ብሎ ተከራከረ። የሰውየው ስልክ ሲለጠፍ አወያዩ አጠፋው።

ቁጥር 35 ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ድጋፉ አብቅቷል፣ 7010 ደግሞ ቲፒኤሟም (የደህንነት ቺፗ) ፕሮሰሰሯም ለዊንዶውስ 11 አይበቃም፤ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት ጫን አለ። ቁጥር 36 ኮፒ ቤት ፎቶሾፕና ፓወር ግዕዝ ትቶ የት ይሄዳል ብሎ ተሳለቀበት። ሁለቱም ሰውየውን አልጠየቁትም። ማይክሮሶፍት እስከ ጥቅምት 2026 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ የደህንነት ማሻሻያ ማራዘሚያ እንዳለው የነገረው ቁጥር 37 ነው፣ የዚያ ቀን ምርጥ ጨዋ።

ቁጥር 38 ኤስኤስዲ በጽሑፍ ብዛት ያልቃል ይባላል፣ እውነት ነው ወይ አለ። ቁጥር 39 ሒሳቡን ሠራለት። ኪንግስተን ኤ400 ባለ 240 ጂቢው 80 ቴራባይት እስኪጻፍበት ድረስ ዋስትና አለው። በቀን 20 ጂቢ ቢጻፍበት በዓመት ከ7 ቴራባይት ብዙም አያልፍም፣ ወደ 11 ዓመት ይሆናል፤ ኮፒ ቤት ደግሞ 20 ጂቢ አይጽፍም። ይልቅ የሚያስፈራው ስም የሌለው ባለ 2 ቴራ ኤስኤስዲ ነው አለ። ዊንዶውስ ላይ 2 ቴራ ነኝ ይላል፣ ውስጡ ያለው ግን ጥቂት ጂቢ ነው፤ ሞልቶ ሲያልፍ የቀደመውን ይደመስሳል። ገንዘብ ሳይሰጡ እውነተኛ መጠኑን በሚፈትሸው ኤች2ቴስትደብልዩ መሞከር ይሻላል፣ ሻጩ ጊዜ የለኝም ካለም ያው መልስ ነው።

ቁጥር 40 የባለጉዳዩ ዘገባ ነው። ሰነዶቹን ገልብጧል፤ እንቢ ያሉት ጥቂት የድሮ ፎቶዎች ናቸው። ከዚያ ባለ 240 ኤስኤስዲ ገዝቶ 64 ቢቱን ጫነ። የኤስኤስዲ መያዣ ስላላገኘ ኬዙ ወለል ላይ በሁለት ጎን ማጣበቂያ ለጠፈው፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው ምንም አይሆንም። አሮጌውን ዲስክ ነቅሎ አስቀምጧል። ራሙ ቆየት ብሎ ያገለገለ ጥንድ ተገኘ። ሲሰካው ስክሪኑ ጨለማ ሆነ፣ የኃይል ቁልፉ ብርቱካናማ እያለ ብልጭ ድርግም አለ። ገመዱን ነቅሎ፣ ቁልፉን ትንሽ ተጭኖ የቀረውን ኃይል አወጣ፤ ራሙን አውጥቶ ወርቃማ እግሮቹን በነጭ ላጲስ ቀስ ብሎ አሸ፣ ፍርፋሪውን በብሩሽ ጠረገ፣ ሁለቱም ጫፍ ቀጭ እስኪል ድረስ መልሶ ተጫነ። ተነሣች። ራም የሚፈትሸውን ሜምቴስት86+ን ሌሊቱን አሳድሮበት ስህተት አልተገኘም። ፎቶሾፕ ከወርድ ጋር አብሮ ተከፍቶ የሚያሳይ ፎቶ ለጥፏል፣ አሁንም ዘመም ያለ።

ቁጥር 41 ኤስኤስዲው ነው ያዳናት አለ። ቁጥር 42 ራሙ ነው አለ። ቁጥር 43 ኮር ቱ ዱዎ ባለ ዲዲአር2 ያለው አዲስ ገቢ ነው፤ ለሱም ኤስኤስዲ ይሠራ እንደሆነ ጠየቀ። ሶኬቱ 3 ጊጋቢት ቢሆንም እንደሚሠራ፣ ከዚያ በፊት ግን ታስክ ማናጀሩን አንስቶ በአዲስ ክር እንዲያቀርበው አወያዩ ነግሮት ይህንን ዘጋው።